ከፊደሉ በፊት ጆሮው፦ ለአንደኛ ክፍል መምህራን የድምፅ ጨዋታ አሠራር

ልጁ "ሀ ሁ ሂ ሃ" እያለ ገበታውን እስከ ታች ይወርደዋል። አይሳሳትም። ዜማውም አይዛነፍም። ከዚያ ጣታችሁን "ሞ" ላይ ታደርጋላችሁ። ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ በሹክሹክታ ከ"መ" ይነሳና "መ ሙ ሚ ማ ሜ ም… ሞ!" ብሎ ይደርስበታል። አንደኛ ክፍል ያስተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ልጁ የያዘው ተራውን ነው፤ ፊደሉ ገና አልገባውም።

33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ "ቋ"ና "ሏ" ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ በቃል ሸምድዶ ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ብዙ ነው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ሲደረግ፣ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው አንድም ቃል ማንበብ ያቃታቸው ብዙ ልጆች ተገኝተዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ እንለዋለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰነፍ ቢሆን 231 ፊደል በዜማ አይዝም ነበር። የጎደለው ቃልን በጆሮው ከፋፍሎ መስማትና መልሶ መግጠም ነው። ይህ የድምፅ ግንዛቤ ይባላል፤ የሚመጣውም በጨዋታ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር አንደኛ ክፍል ለሚያስተምሩ ነው። ለኬጂና ለዜሮ ክፍል መምህራንም ግማሹ ይሆናል።

ሰዓቱና ቦታው

በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ ከሆነ በሳምንት 50 ደቂቃ ነው፤ በ20 ሳምንት ከ16 ሰዓት ያልፋል። የአሜሪካው ብሔራዊ የንባብ ፓናል በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ የተሻለ ውጤት ያገኘው በድምሩ ከ5 እስከ 18 ሰዓት በወሰዱ ትምህርቶች ነው። ሌላም አለ፤ ልጆቹ በትናንሽ ቡድን ሲሠሩና የድምፁ ሥራ ከፊደል ጋር ሲያያዝ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። ጥናቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ አንባቢዎች ላይ ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። ግን "ጊዜ የለኝም" ለሚል መምህር መልስ ይሆናል።

የፊደል ትምህርቱን አታቁሙ። ጨዋታው ከፊደሉ ቀደም ብሎ በዚያው ክፍለ ጊዜ ይገባል። እኔ የምመርጠው ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ነው። ልጆቹ ገና አልደከሙም። ትምህርት ቤታችሁ አራት ኪሎ፣ ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ ሆኖ መስኮቱ ወደ አስፋልቱ ከሆነ ለዚያች 10 ደቂቃ ዝጉት። የታክሲ ጥሩንባ እየጮኸ "ስ" እና "ዝ"ን ለይ ማለት ልጁን መበደል ነው።

አንደኛ፦ ቃልን ከቃል መለየት

ይህ ቀላል ነው፤ ከሦስት ቀን በላይ አትቆዩበት። "እማዬ ዳቦ ገዛች" በሉ። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ልጅ ወደፊት ይወጣል። ሦስት ልጅ ቆመ ማለት ሦስት ቃል አለ ማለት ነው። ከዚያ መሀል ያለውን አስቀምጡትና "አሁን ምን ቀረ?" ብላችሁ ጠይቁ። "እማዬ ገዛች!" ይሉና ይስቃሉ። ቀጥሉ። "አልመጣችም" የሚለውን ሁለት ቃል ነው የሚል ልጅ ካለ አትከራከሩት፤ በአማርኛ አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል፤ ወደፊት ይገባዋል።

ሁለተኛ፦ ቤት የሚመታ ቃል

እዚህ ላይ ልጆቻችን ቤታቸው ተምረው ነው የሚመጡት። "ተረት ተረት" ስንል "የላም በረት" የሚሉት ቤት ስለሚመታ ነው። "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ላይም እንዲሁ ነው። በዚህ ጀምሩ። "ተረት እና በረት መጨረሻቸው ምን ይመስላል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት ቃል ስጡና ቤት የማይመታውን ያውጡ። "ዶሮ፣ ጆሮ፣ ድመት።" "ቡና፣ ጤና፣ መኪና፣ ወንበር።" የሚያወጡት ቃል ሲመጣ ቁጭ ይበሉ፣ ሲመታ ይቁሙ። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል እጅ ከማውጣት ይህ ይሻላል። ሁሉም ይመልሳል፤ እናንተም ማን ጓደኛውን እያየ እንደተነሳ ታዩታላችሁ።

ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ይፍጠሩ። "ለጆሮ ቤት የሚመታ!" ሲባል "ኑሮ፣ ዶሮ" ይላሉ። አንዱ ደግሞ "ቦሮ!" ይላል። ትርጉም የለውም፤ ጆሮው ግን ሠርቷል። "ጎበዝ፣ ይመታል" በሉት።

ሦስተኛ፦ ቃልን በጭብጨባ መቁጠር

ብዙ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህና ለሚቀጥሉት ሁለቱ ነው። አንዱ ጭብጨባ አንድ ክፍለ ቃል ነው፤ ይህን ስም ግን ለልጆቹ መናገር አያስፈልግም። "ስንት ጭብጨባ ነው?" በሏቸው።

ከታክሲ ረዳት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። መሀል አዲስ አበባ የሚያድግ ልጅ የሰፈር ስም ሲጠራ እየሰማ ነው ያደገው። አንድ ልጅ ረዳት ይሁን። በር ላይ ቆሞ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይበል። ክፍሉ ያጨብጭብ፤ ፒ-ያ-ሳ። ሦስት ነው። ቦ-ሌ ሁለት ነው። አ-ራ-ዳ ሦስት፣ ል-ደ-ታ ሦስት፣ ቄ-ራ ሁለት። እነዚህ የሚቀሉ ናቸው፤ ጭብጨባቸውና ፊደላቸው እኩል ነው።

ከባዶቹ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ሜክ-ሲ-ኮ ሦስት ጭብጨባ ነው፤ ሲጻፍ ግን አራት ፊደል ነው። ካ-ዛን-ቺስ ሦስት ጭብጨባ፣ አምስት ፊደል። ቂር-ቆስ ሁለት ጭብጨባ፣ አራት ፊደል። አም-ባ-ሳ-ደር አራት ጭብጨባ፣ ስድስት ፊደል። ፊደል ቀድሞ የተማረ ልጅ "ሜ-ክ-ሲ-ኮ" ብሎ አራት ጊዜ ያጨበጭባል። ፊደሉን እየቆጠረ ነው። "ረዳቱ እንዴት ነው የሚለው?" በሉት። በፍጥነት ሲጠራው "ክ" ከ"ሜ" ጋር ተለጥፋ ትሄዳለች። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ መዳፉን አገጩ ሥር አድርጎ ቃሉን ሲናገር አገጩ ስንት ጊዜ እንደወረደ ቢቆጥር ይቀለዋል።

የልጆቹን ስም አትርሱ። ስም ጥሪ ላይ ሰ-ላም፣ ዮ-ናስ፣ ቤ-ተል-ሔም፣ ማር-ያ-ማ-ዊት እያላችሁ ብታስጨበጭቡ ለብቻው ጊዜ አይወስድም። አጎራባች ክፍል ከተረበሸ ጭብጨባው ጭን ላይ ይሁን።

ከቆጠራው ቀጥሎ መግጠም ይመጣል። ቀስ ብላችሁ "ብር… ቱ… ካን" በሉ፤ ልጆቹ "ብርቱካን!" ብለው ይግጠሙት። በትምህርት ቤት ምገባ የሚቀርበውን፣ በመንገድ የሚሸጠውን ሁሉ እንዲህ ጥሩት። ከዚያ ማውጣት። "ወንበር በሉ።" "ወንበር!" "አሁን 'ወን'ን አውጡ።" ትንሽ ያስቡና "በር!" ይላሉ። ቃል ከቃል ውስጥ ሲወጣ ዓይናቸው ሲፈካ ማየት ደስ ይላል። ትርጉም ባይሰጥም ግድ የለም፤ ከ"መርካቶ" ላይ "መር" ሲወጣ "ካቶ" ይቀራል።

አራተኛ፦ የመጀመሪያውን ድምፅ መያዝ

"ማንጎ በምን ይጀምራል?" ብትሉ ልጁ "በማ" ይላል። ልክ ነው። በፊደላችን "ማ" አንድ ምልክት ነው፤ ለጆሮውም አንድ ነገር ነው። እኛ ግን ልጁ "ማ" ውስጥ ሁለት ድምፅ እንዳለ እንዲሰማ እንፈልጋለን፤ ተነባቢውና አናባቢው። ይህ ካልገባው "ማ"ን እና "ሞ"ን የሚያገናኛቸው የቅርጽ መመሳሰል ብቻ ይሆንበታል።

አንድ ፌስታል ውሰዱ። ማንኪያ፣ ሚስማር፣ ሙዝ፣ ሞባይል ክተቱበት። ልጆቹ አንድ በአንድ ያውጡና ስሙን ይጥሩ። ከንፈራቸውን ይዩ። አራቱም ሲጀምሩ ከንፈር ይገጠማል፤ "ምምም" ይላል። በሌላ ቀን ሳሙና፣ ሲኒ፣ ሶፍት፣ ሱሪ፤ አራቱም "ስስስ" ብለው ይነሳሉ። ከዚያ መሀል አንድ የማይገጥም ዕቃ ጨምሩ፤ ሳሙና፣ ሲኒ፣ ማንኪያ። የትኛው ይውጣ?

መጀመሪያ የሚሳቡ ድምፆችን ምረጡ። ም፣ ስ፣ ሽ፣ ን፣ ል፣ ፍ፣ ዝ። እስትንፋስ እስኪያልቅ ሊጎተቱ ስለሚችሉ ጆሮ ይይዛቸዋል። ት፣ ክ፣ ብ፣ ድ ብቅ ብለው ስለሚጠፉ በኋላ ይምጡ። አንድ ነገር ራሳችን ላይ እንጠንቀቅ። "ም" ብቻውን ስንል "ምእ" ማለት ይቀናናል። ከንፈራችሁን ገጥማችሁ እዚያው ቆዩ፤ አትክፈቱት። እኛ "ምእ" ካልን ልጁ "ላም"ን ሲያነብ "ላምእ" ይላል፤ ጥፋቱም የእሱ አይሆንም።

አምስተኛ፦ አናባቢውን መቀያየር

ፊደል ገበታችን ወደ ጎን ነው የሚነበበው። ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ። ለጆሮ ትምህርት ግን ወደ ታችም ማንበብ ያስፈልጋል። ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ሩ፣ ቡ። ሁሉም ካዕብ ናቸው። ሁሉም ላይ ከንፈር ይሾላል። ልጆቹ እርስ በርስ አፍ አፋቸውን ይተያዩ። ከዚያ ላ፣ ማ፣ ሳ፣ ራ፣ ባ። አፍ ይከፈታል። "ኡ" ሲሰሙ ከንፈራቸውን ያሹሉ፣ "ኣ" ሲሰሙ አፋቸውን ይክፈቱ።

የቄስ ትምህርት ቤት ሊቃውንት ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ልጁ "ሀ ሁ"ን በዜማ ከያዘ በኋላ "አቡጊዳ"ን ያስቆጥሩታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተነባቢውም አናባቢውም በእያንዳንዱ እርምጃ ይቀየራል፤ የለመደው ተራ አያግዘውም። ልጁ የግድ ፊደሉን አይቶ ድምፁን ማውጣት አለበት። ዛሬም በሳምንት አንድ ቀን ብታስቆጥሩ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ጨዋታ በ"ሀ" አትጀምሩ። የገበታው የመጀመሪያ መስመር ቢሆንም ለድምፅ ትምህርት አይመችም። "ሀ" እና "ሃ" ስንናገራቸው አንድ ናቸው፤ ግዕዙና ራብዑ አይለዩም። "አ"ም እንዲሁ ነው። ልጁ "ግዕዝ እንዲህ ይባላል፣ ራብዕ እንዲህ ይባላል" የሚለውን የሚማረው በ"ለ"፣ በ"መ" ወይም በ"በ" ነው። "ሀ"ን ልዩ ነው ብላችሁ በኋላ አምጡት።

ቀጥሎ በቃል ተጫወቱ። "ዳር በሉ። 'ኣ'ን ወደ 'ኡ' ቀይሩ።" "ዱር!" "አሁን ወደ 'እ'።" "ድር!" "ቤት" ላይ "ኤ" ወደ "ኣ" ሲቀየር "ባት" ይሆናል። "ቃል" ወደ "ቅል" ይሄዳል። እንዲህ ያሉ ቃላት ስታገኙ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፏቸው፤ ክፍል ቆማችሁ ለመፍጠር ከሞከራችሁ አይመጡላችሁም።

ስድስተኛ፦ ሳድስ እና ቆርኪ

አማርኛ ማንበብ የሚጀምር ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሳድስ፣ ማለትም እንደ "ል" እና "ም" ያለው ስድስተኛው ፊደል፣ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። "ልብስ" ውስጥ ሦስቱም ሳድስ ናቸው። "ል" ላይ "እ" ትሰማለች፤ "ብ" እና "ስ" ላይ የለችም። ጽሑፉ ይህን አይነግረንም። ልጁ "ልእ-ብእ-ስእ" ብሎ ያነብና "ምንድን ነው?" ሲባል አያውቀውም። ቃሉን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ለብሶትም መጥቷል። ከፊደሉ ወደሚያውቀው ቃል የሚያሻግረው ጆሮው ነው።

ለዚህ ቆርኪ ሰብስቡ። ለስላሳ ከሚሸጥ ሱቅ በነፃ ይገኛል። ልጆቹም ቢታዘዙ በሁለት ቀን ኪሳቸውን ሞልተው ይመጣሉ። ታጥቦ ይድረቅ፤ ጠርዙ የተጣመመና የሚቧጭር ካለ ይጣል። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዳኒል ኤልኮኒን ልጆች ድምፅን በሳጥንና በመቁጠሪያ እንዲለዩ ያደረገበት ዘዴ በብዙ አገር ይሠራበታል። እኛ ጋ መቁጠሪያው ቆርኪ ይሁን።

ለሁለት ልጅ ሦስት ቆርኪ ስጡ። በደብተር ጀርባ ጎን ለጎን ሦስት ሳጥን ይሥሩ። ቆርኪዎቹ ከሳጥኖቹ በታች ይደርደሩ። "ላም" በሉ። ይድገሙ። አሁን ጎትቱት፤ "ልልል-ኣኣኣ-ምምም።" ድምፁ በተቀየረ ቁጥር ልጁ አንድ ቆርኪ ወደ ሳጥን ይገፋል።

መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ሁለት ቆርኪ ብቻ ይገፋሉ። አንዱ ለ"ላ"፣ አንዱ ለ"ም"። ተሳስታችኋል አትበሉ። "ሁለቱን አገኛችሁ፣ አንዱ ተደብቋል" በሉ። ከዚያ "ላ"ን ብቻ ያውጡ። "ላ ስትሉ ምላሳችሁ መጀመሪያ የት ነው?" ይሞክራሉ። "ጥርስ ጋ!" ይላል አንዱ። "ከዚያስ?" "አፌ ይከፈታል።" እንግዲህ ሁለት ነገር ሠሩ። ምላስ ጥርስ ጋ ሲሆን አንድ ቆርኪ፣ አፍ ሲከፈት ሌላ ቆርኪ። አሁን "ላም"ን ይድገሙና ሦስቱንም ይግፉ። መጨረሻ ላይ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያድርጉ። "ላም ስትሉ ከንፈራችሁ ተዘግቶ ቀረ ወይስ ተከፈተ?" ተዘግቶ ከቀረ ሳድሱን በትክክል ይዘውታል። ከተከፈተ "ላምእ" ወይም "ላሙ" ብለዋል።

ቃላቱ ለመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ያሉ ይሁኑ። ላም፣ ዛፍ፣ ሳር፣ ቤት፣ ጣት። ሁሉም የመጀመሪያው ፊደል አናባቢ አለው፣ ሁለተኛው ሳድስ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ቆርኪው ሲገፋ ፊደሉን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ሁለት ቆርኪ "ላ" ሥር ይሆናሉ፣ አንዱ "ም" ሥር። ልጁ "ላ" ሁለት ድምፅ እንደያዘ፣ "ም" እዚህ አንድ ብቻ እንደሆነ በዓይኑ ያያል።

ከዚያ ወደ ልብስ፣ ብርድ፣ ክረምት እለፉ። ለልጆቹ አንድ አጋዥ ደንብ ስጧቸው። ቃል መጨረሻ ላይ ያለ ሳድስ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ "እ" አለው። መሀል ያለው ግን ቃሉን እንደምንናገረው ነው። "ትምህርት" አምስት ፊደል፣ ሁለት ጭብጨባ ነው፤ ትም-ህርት። ጭብጨባውን ያወቀ ልጅ አምስቱን ሳድስ የት እንደሚሰበስባቸው ያውቃል።

ሰባተኛ፦ ጠበቅ እና ላላ

ይህን መማሪያ መጻሕፍት ቸኩለው ያልፉታል። ጽሑፋችን ጥብቀትን አያሳይም፤ በአንዳንድ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው መጻሕፍት ፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ይደረግበታል እንጂ። "ዋና" ውኃ ውስጥ ሲሆን ላላ ይላል፣ "ዋና ከተማ" ሲሆን "ና" ትጠብቃለች። "ገና ነኝ" እና "የገና በዓል" እንዲሁ። "ሰፊ" ልብስ የሚሰፋው ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ሰፊው ሜዳ ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ላላ ሲሰሙ እጅ ይዘረጋ፣ ጠበቅ ሲሰሙ ቡጢ ይጨበጥ። "አለ" በሉ፤ አንዴ "እሺ አለ" የሚለውን፣ አንዴ "ዳቦ አለ" የሚለውን። ልጆቹ ከንግግር ስለሚያውቁት ቶሎ ይለያሉ። ወደ ንባብ ሲሄዱ "ገና" የሚል ቃል ሲያጋጥማቸው ሁለቱንም ሞክረው ከዓረፍተ ነገሩ ጋር የሚሄደውን ይመርጣሉ።

ስለ ከ እና ቀ፣ ተ እና ጠ

በአንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ ጉራጊኛ የሚናገር፣ ትግርኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገር ልጅ አብሮ ይቀመጣል። አዲስ አበባ እንዲህ ናት። ልጆቹ ብዙዎቹን ድምፆች ከየቋንቋቸው ይዘው ስለሚመጡ አትጨነቁ። ለማለማመድ ጥንድ ቃል ተጠቀሙ፤ ኮክ እና ቆቅ፣ ተባይ እና ጠባይ። ሁለት ሥዕል ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ የጠራችሁትን ይጠቁሙ። ፀሐይን "ጠሐይ" የሚል ልጅ ካለ በጓደኞቹ ፊት አታርሙት። ቤቱ፣ አያቱ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው። እናንተ "ፀሐይ" እያላችሁ ቀጥሉ፤ ይሰማል።

ሞክሼዎቹም ልጆቹን ግራ ያጋባሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በጆሮ አንድ ናቸው። "ሀገር" እና "ሐኪም" በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ ካለ ልጁ ልክ ነው። ጽሕፈት ላይ መለየቱ የሌላ ቀን ሥራ ነው።

ሳምንቱን ማዋቀር

በአንድ ሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ችሎታ በላይ አትያዙ። ሰኞ አዲሱን ጨዋታ አሳዩ። ማክሰኞና ረቡዕ ያው ጨዋታ ይደገም፤ ቃላቱ ብቻ ይቀየሩ። ሐሙስ በጥንድ ይሥሩ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመልስ። ዓርብ ጨዋታውን ከፊደሉ ጋር አያይዙ። ልጆች መደጋገም አይሰለቻቸውም፤ የሚሰለቸን እኛ ነን።

ወላጅ ስብሰባ ስትጠሩ ይህንንም ንገሯቸው። ማንበብ የማይችል ወላጅም ያግዛል። እንቆቅልሽ የሚጠይቁ አያት ጥሩ ረዳት ናቸው። ታክሲ ውስጥ "ሳሪስ ስንት ጭብጨባ ነው?" ማለት ደብተር አይፈልግም። ታላላቆቹ በየቃሉ መሀል ሌላ ድምፅ እየጨመሩ የሚያወሩትን የወፍ ቋንቋ እንዳይከለክሉም ንገሯቸው። ያንን የሚችል ልጅ ቃልን እየበጣጠሰ መልሶ መግጠም ይችላል።

ማን እንደገባው ማወቅ

በቀን አምስት ልጅ ለየብቻ ጠርታችሁ አንድ አንድ ደቂቃ ስሟቸው። ሃምሳ ልጅ ቢኖር በሁለት ሳምንት ያልቃል። አራት ጥያቄ ይበቃል። "ካዛንቺስ ስንት ጭብጨባ ነው?" "ሜ… ዳ፣ ሲገጠም ምንድን ነው?" "ሳር በምን ድምፅ ይጀምራል?" "ጣት በምን ድምፅ ያልቃል?" ሦስቱን ከመለሰ ከክፍሉ ጋር ይቀጥል። ለሦስተኛው "ሳ" ካለ ግማሽ ስጡት፤ ወደ ፌስታሉ ጨዋታ ይመለስ። ሁለትና ከዚያ በታች የመለሱትን አራት አራት አድርጋችሁ፣ ሌሎቹ ሲጽፉ ጠረጴዛችሁ ጋ አምጥታችሁ በጭብጨባ ጀምሩ።

ከጀርባው ስትጠሩት የማይዞር፣ አፋችሁን እያየ ብቻ የሚመልስ፣ ወይም ጆሮውን ደጋግሞ የሚያመው ልጅ ካለ የድምፅ ጨዋታ ብቻውን አይፈታውም። ከፊት አስቀምጡትና ወላጆቹ ጤና ጣቢያ ወስደው ጆሮውን እንዲያስመረምሩት ንገሯቸው። በጆሮ ሕመም ምክንያት ወደኋላ የቀረ ልጅ ሲታከም ሊሻሻል ይችላል።

ጥያቄዎቹን በየወሩ ድገሟቸው፤ ቃላቱን ግን ቀይሩ። ያለዚያ ቀድሞ የተጠየቀው በር ላይ ቆሞ ለሚቀጥለው ሹክ ይለዋል።